ለተፈጥሯዊ ወሊድ የሚያዘጋጅ ትምህርት፦ የት እንደሚገኝና እንዴት እንደሚመረጥ

ምጥ ሲጀምር ምን እንደሚከተል አስቀድማ የተረዳች እናትና ሁሉም ነገር ድንገት የሆነባት እናት ወደ ማዋለጃ ክፍል የሚገቡት በአንድ ዓይነት መንፈስ አይደለም። የመጀመሪያዋ ሕመሙ እየመጣ እየሄደ እንደሚበረታ፣ በመካከል ማረፍ እንደምትችል፣ መራመድ እንደማይከለከልና አዋላጇን መጠየቅ መብቷ እንደሆነ ተነግሯታል። የሁለተኛዋ ዕውቀት ግን ከጎረቤት የሰማችው ብቻ ነው፤ ከጎረቤት የሚሰማው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉም የከፋው ገጠመኝ ነው። የወሊድ ዝግጅት ትምህርት የሚሰጠው ይህን ልዩነት ለማጥበብ ነው።

ይህ ገጽ በምጥ፣ ያለ ቀዶ ሕክምናና በተቻለ መጠን ያለ ተጨማሪ የሕክምና ጣልቃ ገብነት ለመውለድ የሚሹ ነፍሰ ጡር እናቶችና ቤተሰቦቻቸው ትምህርቱን የት ሊያገኙ እንደሚችሉ፣ በክፍያ የሚሰጡ ስልጠናዎችን ሲመርጡም ምን ሊያጣሩ እንደሚገባ ያብራራል። በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ የሚሰጠው ትምህርት በቅድሚያ የቀረበው ብዙ እናቶች ከፍለው የሚፈልጉት ነገር በቅርባቸው እንዳለ ባለማወቃቸው ነው።

ተፈጥሯዊ ወሊድ ሲባል

በአነጋገር ልማድ “በተፈጥሮ ወለደች” የሚባለው ያለ ቀዶ ሕክምና ለተገላገለች እናት ሁሉ ነው። ምጥ የሚያፋጥን መድኃኒት የተሰጣት ወይም የሕመም ማስታገሻ የወሰደች እናት እንኳ በዚህ አነጋገር በተፈጥሮ ወልዳለች። በስልጠና ሰጪዎች ዘንድ ግን ቃሉ ጠበብ ያለ ትርጉም አለው። ምጡ በራሱ ጊዜ ጀምሮ፣ ያለ መድኃኒት ቀጥሎ፣ እናትየዋ በአተነፋፈስ፣ በእንቅስቃሴና በአጠገቧ ባለ ሰው ድጋፍ ሕመሙን ተቋቁማ የምትወልድበትን መንገድ ያመለክታል። አንድ ስልጠና “ለተፈጥሯዊ ወሊድ” ተብሎ ሲተዋወቅ ከሁለቱ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ መጠየቅ የመጀመሪያው ማጣሪያ ነው።

ሦስተኛ ትርጉም የሚሰጡትም አሉ። ተፈጥሯዊ ወሊድን ከጤና ተቋም ውጭ፣ ያለ ሠለጠነ ባለሙያ በቤት ውስጥ ከመውለድ ጋር አንድ አድርገው የሚያዩ ሰዎች ያጋጥማሉ። ይህ አደገኛ ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የተካሄደው ወሊድ 26 በመቶ ብቻ እንደነበረ፣ ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻርም 412 እናቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ምክንያት ሕይወታቸውን ያጡ እንደነበር አሳይቷል። በ2019 እ.ኤ.አ. የተደረገው አነስተኛ ጥናት በተቋም የሚካሄደው ወሊድ ወደ 48 በመቶ ከፍ ማለቱን አመልክቷል። ለውጡ ትልቅ ነው፤ ሆኖም ከሁለት ወሊዶች አንዱ በዚያን ጊዜ ገና በቤት ይካሄድ ነበር ማለት ነው። ከወሊድ በኋላ የሚከሰት ከፍተኛ የደም መፍሰስ ደግሞ እርግዝናዋ ያለ ችግር ያለፈ፣ ምጧም የቀና እናት ላይ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊደርስ የሚችል ነው። በዚያች ሰዓት የሚያስፈልገው መድኃኒትና የሠለጠነ እጅ በአጠገብ መገኘት ነው።

ተፈጥሯዊ ወሊድን የሚሹ እናቶች ከሚጠይቁት ውስጥ አብዛኛው በጤና ተቋም ሊሟላ የሚችል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው የወሊድ እንክብካቤ ምክረ ሐሳብ እናት የመረጠችው ሰው በምጥ ወቅት አብሯት እንዲሆን፣ ጤናማ እናት እንድትራመድና በተመቻት አኳኋን እንድትሆን፣ ሕመምን ለማስታገስም የአተነፋፈስና ሰውነትን የማፍታታት ዘዴዎች፣ ወገብን ማሸትና በሞቀ ጨርቅ መያዝ እንዲፈቀዱላት ይመክራል። የብልትን በር በመቀስ ማስፋት ለእያንዳንዷ ወላድ እንደ ልማድ እንዳይደረግም ያሳስባል። በዚያው ሰነድ የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት ለምትጠይቅ ጤናማ እናት እንዲሰጥ ተመክሯል። መድኃኒት አለመፈለግ የእናትየዋ ምርጫ ነው፤ መፈለግም እንዲሁ።

በመንግሥት ጤና ተቋማት የሚሰጠው ትምህርት

በገጠር ለነፍሰ ጡር እናት የመጀመሪያዋ አስተማሪ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። ፕሮግራሙ ከተጀመረበት ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በየቀበሌው ጤና ኬላ ተቋቁሞ፣ እርጉዝ እናቶችን በየቤታቸው መለየትና ወደ ክትትል ማምጣት የሠራተኞቹ አንዱ ተግባር ሆኗል። በብዙ ቀበሌዎች የነፍሰ ጡር እናቶች ኮንፈረንስ በየጊዜው ይካሄዳል። እናቶች በጤና ኬላው ወይም በአመቺ ስፍራ ይሰባሰባሉ፣ ቡና ይፈላል፣ ከጤና ጣቢያ የመጣች ሚድዋይፍ ስለ እርግዝና አደገኛ ምልክቶች፣ ስለ ምጥ አጀማመር፣ ስለ ጡት ማጥባትና ወሊዱ ሲቃረብ ሊዘጋጁ ስለሚገባቸው ነገሮች ታስረዳለች። የዚህ መድረክ ትልቁ ጥቅም ከትምህርቱ ባሻገር ያለ ነው፤ እናቶቹ የምታዋልዳቸውን ባለሙያ አስቀድመው የሚያዩበት፣ ስሟን የሚያውቁበትና የሚጠይቁበት አጋጣሚ ነው። ጤና ጣቢያውን የሚፈሩ አማቶችና እናቶችም ተጋብዘው ሲገኙ ጥርጣሬያቸውን በግልጽ ይናገራሉ፤ መልስም ያገኛሉ።

በከተማም ሆነ በገጠር ዋነኛው የትምህርት አጋጣሚ የቅድመ ወሊድ ክትትል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ያቀረበውን ምክረ ሐሳብ ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ብሔራዊ የቅድመ ወሊድ ክትትል መመሪያ አንዲት ነፍሰ ጡር ቢያንስ 8 ጊዜ ከጤና ባለሙያ ጋር እንድትገናኝ ይጠይቃል። የመጀመሪያው ግንኙነት እርግዝናው 12 ሳምንት ሳይሞላው ሊሆን ይገባል። የኋለኞቹ እየተቀራረቡ ይመጣሉ፤ ከ34ኛው ሳምንት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ናቸው። በዚህ ወቅት የደም ግፊት ይለካል፣ የደምና የሽንት ምርመራ ይደረጋል፣ የሕፃኑ የልብ ምት ይደመጣል፣ አመጣጡም ይታያል። ምክርና ትምህርት የእያንዳንዱ ግንኙነት አካል ነው።

ይሁንና ትምህርቱ በሁሉም ቦታና በሁሉም ቀን እኩል ጥልቀት አለው ማለት አይቻልም። ወረፋ በበዛበት ጠዋት ለአንዲት እናት የሚተርፈው ጊዜ አጭር ነው፤ ምርመራው ተጠናቅቆ ምክሩ በሁለት ዓረፍተ ነገር ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ እናት ጥያቄዋን አስባ ብትመጣ፣ የምትረሳ ከሆነም ጽፋ ወይም አስጽፋ ብትይዝ የሚሻል ነው። ብዙ ጤና ጣቢያዎች ጠዋት በመጠበቂያ ቦታ ለተሰበሰቡ ተገልጋዮች የጋራ የጤና ትምህርት ይሰጣሉ። ስለ ምጥና ወሊድ የሚሰጥበት ቀን የትኛው እንደሆነ በመጀመሪያው ክትትል ዕለት ጠይቆ ቀጠሮን ከዚያ ቀን ጋር ማስማማት ይቻላል። ከወሊዱ በፊት የማዋለጃ ክፍሉን ማየትም ሊጠየቅ የሚገባው ነገር ነው። አልጋውን፣ መታጠቢያውንና አጃቢ የሚቀመጥበትን ስፍራ በሰላሙ ቀን ያየች እናት በምጧ ቀን ቦታው አዲስ አይሆንባትም።

መኖሪያቸው ከጤና ተቋም የራቀ ወይም መንገዱ አስቸጋሪ የሆነባቸው እናቶች የመውለጃ ጊዜያቸው ሲቃረብ የሚቆዩበት የእናቶች ማቆያ በብዙ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ግቢ ውስጥ ተዘጋጅቷል። ማቆያው በዋነኛነት የተሠራው ርቀትን ለማሸነፍ ቢሆንም በተግባር ጥሩ የትምህርት ቤት ነው። እናቶቹ ቀኑን ሙሉ በቅርብ ስለሚገኙ ሚድዋይፏ በእርጋታ ልታስተምራቸው ትችላለች፤ ቀድማ የወለደችውም አራስ ገንፎዋን እየበላች ልምዷን ታካፍላለች።

በመንግሥት ጤና ጣቢያ የቅድመ ወሊድ ክትትል፣ የማዋለድና የድኅረ ወሊድ አገልግሎት ያለ ክፍያ የሚሰጡ ናቸው። በክትትሉ ውስጥ የሚሰጠው ትምህርትም ክፍያ የለውም።

በክፍያ የሚሰጡ ስልጠናዎችና የስማቸው አመጣጥ

በአዲስ አበባና በሌሎች ትላልቅ ከተሞች አንዳንድ የግል ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች፣ ከእነርሱ ውጭም በግላቸው የሚሠሩ ባለሙያዎች የወሊድ ዝግጅት ስልጠና ይሰጣሉ። በስልክና በኢንተርኔት የሚሰጡም አሉ። ስልጠናዎቹ አንዳንድ ጊዜ የውጭ አገር ስም ይዘው ስለሚመጡ ተገልጋዩ ስሙን ከጥራት ምስክር ወረቀት ጋር እንዳያምታታው የስሞቹን አመጣጥ በአጭሩ ማወቅ ይጠቅማል።

“ተፈጥሯዊ ወሊድ” የሚለውን ሐሳብ በስፋት ያስተዋወቁት እንግሊዛዊው የማዋለድ ሐኪም ግራንትሊ ዲክ-ሪድ ሲሆኑ፣ በዚሁ ርእስ መጽሐፋቸውን ያሳተሙት በ1933 እ.ኤ.አ. ነው። ፍርሃት ሰውነትን ያስጨንቃል፣ የተጨነቀ ሰውነት ሕመምን ያበረታል፣ ስለዚህ ዕውቀት ፍርሃትን ሲቀንስ ሕመሙም ይቀንሳል የሚል ነበር ትምህርታቸው። ፈረንሳዊው ሐኪም ፌርናንድ ላማዝ በ1951 እ.ኤ.አ. በሶቭየት ኅብረት ባደረጉት ጉብኝት ያዩትን ዘዴ ወደ አገራቸው ወስደው በተቀናጀ አተነፋፈስና በልምምድ ላይ የተመሠረተ ትምህርት አስፋፉ፤ “ላማዝ” የሚባለው ስልጠና ስሙን ያገኘው ከእርሳቸው ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ሮበርት ብራድሊ ደግሞ ባልን የምጥ ረዳት አድርጎ የማሠልጠንን መንገድ በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ አሰራጩ። ከእነዚህ በኋላ የመጡት በጥልቅ መዝናናት ላይ የሚያተኩሩ ስልጠናዎች፣ የእርግዝና ዮጋን ጨምሮ፣ አብዛኞቹ ከእነዚሁ ሐሳቦች የተቀዱ ናቸው።

የአሠራራቸው ልዩነት ስማቸው እንደሚያስመስለው ሰፊ አይደለም። ሁሉም ስለ ምጥ ሂደት ያስረዳሉ፤ አተነፋፈስን ያለማምዳሉ፤ አጃቢን ያሠለጥናሉ። ለኢትዮጵያዊት እናት ደግሞ ከሐሳቡ ውስጥ አዲስ የማይሆንባት አለ። በምጥ ጊዜ ሴቶች ከብበው “ማርያም፣ ማርያም” እያሉ ማበርታት፣ ወገብን መደገፍ፣ ቁጢጥ ብሎ ወይም ተንበርክኮ ማማጥ በብዙ አካባቢ የኖረ ልማድ ነው። ስልጠናው የሚጨምረው ምን ለምን እንደሚደረግና መቼ ማቆም እንደሚገባ ማሳወቁን ነው። ስለሆነም በስሙ ዝና ብቻ ከፍ ያለ ክፍያ የሚጠይቅ ስልጠናን በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል።

ከመመዝገብ በፊት የሚጣራው

ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው አስተማሪው ማን እንደሆነ ነው። ሚድዋይፍ፣ የጽንስና ማሕፀን ሐኪም ወይም በማዋለድ ሥራ ላይ ያለ ሌላ የጤና ባለሙያ ከሆነ የጸና የሙያ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ፈቃዱን ለማየት መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ቅር የሚለው ባለሙያም ሊኖር አይገባም። የሰውነት እንቅስቃሴ አሠልጣኞችና ወልደው ልምዳቸውን የሚያካፍሉ እናቶችም ጠቃሚ ነገር ሊያስተምሩ ይችላሉ። ሆኖም የመድኃኒት፣ የምርመራ ውጤትና የአደጋ ምልክት ጉዳይ ሲነሳ መልሱን ለጤና ባለሙያ የሚተዉ መሆን አለባቸው። በማኅበራዊ መገናኛ ብዙ ተከታይ ማፍራት የሙያ ፈቃድን አይተካም።

ቀጥሎ የሚታየው ስልጠናው ከመውለጃው ተቋም ጋር ያለው ግንኙነት ነው። ብዙ ተመዝጋቢዎች የሚዘነጉት፣ በውጤቱ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። አንዲት እናት በስልጠና ላይ በምጥ ጊዜ እየተራመደች እንድትቆይ፣ ባሏም ከአጠገቧ እንዳይለይ ተምራ፣ የምትወልድበት ተቋም ግን አጃቢ የማያስገባ ወይም ጠባብ ክፍል ውስጥ ብዙ ወላዶችን የሚያስተናግድ ቢሆን የተማረችው ሁሉ በበሩ ላይ ይቀራል። የባሰው ደግሞ ቅሬታዋ ምጧ ላይ ጭንቀት ሆኖ መጨመሩ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ የመውለጃ ተቋሙን መወሰን፣ ቀጥሎም እዚያው የሚሰጥ ትምህርት እንዳለ መጠየቅ፣ ከሌለም ተቋሙ የሚፈቅደውንና የማይፈቅደውን አጣርቶ ከዚያ ጋር የሚስማማ ስልጠና መፈለግ የተሻለ ቅደም ተከተል ነው። የሚጠየቁት ጥያቄዎችም ቀላል ናቸው፦ በምጥ ጊዜ አብሮ መሆን የሚቻለው ማነው? ሌሊት ከሆነስ? መጠጣትና ቀለል ያለ ምግብ መቅመስ ይፈቀዳል? በጎን ተኝቶ ወይም ተንበርክኮ መውለድ ይቻላል? ሕፃኑ እንደተወለደ በእናቱ ደረት ላይ ይደረጋል? ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልግ እዚያው ይሠራል ወይስ ሪፈር ይደረጋል? ሪፈር ከሆነ ወዴት ነው? በምን ያህል ጊዜ ይደረሳል?

ሦስተኛው መመዘኛ ስልጠናው ስለ ሕክምና እርዳታ የሚናገርበት መንገድ ነው። ጥሩ አስተማሪ በምጥ የመውለድን ጥቅም ሲያስረዳ ቀዶ ሕክምና መቼ ሕይወት እንደሚያድንም ያስረዳል። “ሰውነቷን ያመነች ሴት ቀዶ ሕክምና አያስፈልጋትም”፣ “ሐኪም የሚያስቸኩለው ለገንዘብ ነው”፣ “ክትትሉን ብትተዪውም ችግር የለም” የሚሉ ቃላት የሚሰሙበትን ስልጠና የከፈሉትን ገንዘብ ትቶም ቢሆን መልቀቅ ይገባል። በተቃራኒው ሕመምን ብቻ እያጎላ ያለ በቂ የሕክምና ምክንያት ወደ ቀዶ ሕክምና የሚገፋፋም ትክክለኛ ትምህርት አይደለም። ቀዶ ሕክምና ከሚያስፈልግበት ሁኔታ ውጭ ሲደረግ የራሱ ጉዳትና ለሚቀጥለው እርግዝና የሚተርፍ ጣጣ አለው።

በተለይ ሊጣራ የሚገባው ሕፃኑ እንደተወለደ የሚሰጠው የኦክሲቶሲን መርፌ ጉዳይ ነው። ይህ መድኃኒት ማሕፀን ተኮማትሮ ደም እንዳይፈስ የሚያደርግ ሲሆን ለሁሉም ወላዶች የሚመከር ነው። ወሊዱን በሙሉ ያለ መድኃኒት ያለፈች እናት ይህንንም “ተፈጥሯዊነቱን ያበላሻል” በሚል እንድትተወው የሚመክር አስተማሪ ቢገኝ ምክሩ ተቀባይነት የለውም። ምጥን ለማፋጠን ወይም “ሕፃኑን ለማስተካከል” በሚል ሆድን አጥብቆ ማሸትና ምንነታቸው ያልታወቁ የዕፅዋት መጠጦችን መጠቀምም እንዲሁ በስልጠና ስም ሊሰጡ የማይገባቸው ናቸው።

ይዘቱን በተመለከተ ምጥ እንዴት እንደሚጀምርና እንደሚገፋ በግልጽ የማያስረዳ ስልጠና መሠረቱን ስቷል። የማሕፀን በር 5 ሳንቲ ሜትር ያህል እስኪከፈት ያለው የመጀመሪያ ጊዜ ከእናት እናት በእጅጉ እንደሚለያይና ረጅም ሊሆን እንደሚችል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ንቁ ምጥ በመጀመሪያ ወሊድ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 ሰዓት፣ ቀደም ሲል ለወለደች ደግሞ ከ10 ሰዓት እንደማይበልጥ ማወቅ በከንቱ ከመደናገጥም፣ አለ ልክ ከመዘግየትም ይጠብቃል። የአተነፋፈስና ሰውነትን የማፍታታት ልምምድ በንግግር ብቻ ሊታለፍ አይገባም፤ በተግባር መደጋገም አለበት። ሕመምን ያለ መድኃኒት መቋቋም ቢያቅት ያሉት አማራጮች፣ በቀዶ ሕክምና መውለድ ቢመጣ የሚሆነው፣ የመጀመሪያው የጡት ማጥባት ሰዓትና የአራስነት ቀናት እንክብካቤም መካተት ይገባቸዋል። ስለ ሕፃን አልባሳትና ዕቃዎች ግብይት ብቻ ሰፊ ጊዜ የሚሰጥ ስልጠና ከማስተማር ይልቅ ለመሸጥ የተዘጋጀ መሆኑ መገመት አለበት።

የተሳታፊዎች ቁጥር ሲበዛ ልምምዱን በየአንዳንዷ እናት ላይ ማየት አይቻልም። በርቀት የሚሰጥ ትምህርት ደግሞ ለሥራ ላይ እናቶች፣ ተኝተው እንዲያርፉ ለታዘዙና ከከተማ ለራቁ ይጠቅማል፤ ነገር ግን አስተማሪዋ የእናቲቱን አኳኋን አይታ ልታርም ስለማትችል ቢያንስ አንድ ቀን በአካል ከሚደረግ ልምምድ ወይም ከክትትል ባለሙያዋ ጋር ከሚደረግ ውይይት ጋር ቢያያዝ ይመረጣል። ክፍያው ስንት ክፍለ ጊዜ እንደሚሸፍን፣ ወሊዱ ከተጠበቀው ቀን ቀድሞ ቢመጣ ቀሪው ገንዘብ እንደሚመለስና አጃቢ ተጨማሪ እንደማይከፈልበት በጽሑፍ መያዝ ያስፈልጋል። ደረሰኝ መቀበል አይዘንጋ።

መቼና ከማን ጋር

የቅድመ ወሊድ ክትትል መጀመር ያለበት እርግዝናው እንደታወቀ ነው። የወሊድ ዝግጅት ስልጠና ግን ከስድስተኛው ወር መጨረሻ እስከ ስምንተኛው ወር ባለው ጊዜ ቢወሰድ ትምህርቱ ሳይረሳ ለምጡ ይደርሳል። ከዘገየ ሕፃኑ ሊቀድም ይችላል።

በስልጠናው አብሮ የሚገኘው ሰው በምጡ ቀን አብሮ የሚሆነው ሰው ቢሆን ይመረጣል። ይህ ሰው የግድ ባል ላይሆን ይችላል። በብዙ ቤተሰብ ምጥ የሴቶች ጉዳይ ተደርጎ ስለሚታይ እናት፣ እኅት ወይም የቅርብ ወዳጅ ልትመረጥ ትችላለች፤ ምርጫው የነፍሰ ጡሯ ነው። ባል በምጥ ክፍል ባይገባም እንኳ በትምህርቱ መገኘቱ ይጠቅማል፤ መጓጓዣ የሚያዘጋጀው፣ ገንዘብ የሚያስቀምጠውና ሪፈር ሲባል ሳያመነታ የሚወስነው ብዙ ጊዜ እርሱ ነውና። ውሳኔው በአማት ወይም በሌላ ታላቅ ቤተዘመድ እጅ በሆነበት ቤት እርሳቸውንም ቢያንስ ለአንድ ቀን መጋበዝ ብልኅነት ነው።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከእርግዝናዋ ጋር ለተያያዘ የሕክምና ምርመራ ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ሊሰጣት ይገባል፤ ሠራተኛዋም የምርመራ ማስረጃ ማቅረብ አለባት። ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ቀናት ከደመወዝ ጋር የወሊድ ፈቃድ አላት፤ አባትም የ3 ተከታታይ ቀናት ፈቃድ ይሰጠዋል። የምርመራ ፈቃዱ የግል ስልጠናን የሚመለከት አይደለም፤ ትምህርቱ በክትትሉ ቀን በተቋሙ የሚሰጥ ከሆነ ግን ሁለቱን በአንድ ጉዞ ማጠናቀቅ ይቻላል።

ከስልጠናው በፊት ሐኪም ማማከር የሚገባቸው

ቀደም ሲል በቀዶ ሕክምና የወለደች፣ መንታ ያረገዘች፣ የእርግዝና ደም ግፊት ወይም ስኳር ያለባት፣ ሕፃኑ በመቀመጫው የመጣባት፣ እንግዴ ልጁ የማሕፀንን በር የሸፈነባት ወይም በእርግዝናዋ ደም የፈሰሳት እናት ለተፈጥሯዊ ወሊድ ከመመዝገቧ በፊት ክትትል የምታደርግበትን ሐኪም ማማከር ይኖርባታል። ይህ ማለት ትምህርቱ አይጠቅማትም ማለት አይደለም። ከእነዚህ ውስጥ በተመረጠ ሆስፒታልና በቅርብ ክትትል በምጥ ሊወልዱ የሚችሉ አሉ። እንግዴ ልጁ የማሕፀንን በር ሙሉ በሙሉ ለዘጋባት እናት ግን ምጥ መጠበቅ ለሕይወቷ አስጊ ነው፤ አተነፋፈስና ትዕግሥት ይህን አይለውጡትም። ለእርሷ የሚሻለው በቀዶ ሕክምና ለመውለድና ለማገገም የሚያዘጋጅ ትምህርት ነው። ይህን ከልቧ የሚነግራት አስተማሪ ተመዝጋቢ ቢያጣም ሙያውን የጠበቀ ነው።

ከትምህርቱ በኋላ

የተማሩት ነገር በምጥ ቀን እንዲገኝ በአንድ ገጽ የወሊድ ዕቅድ ማስፈር ይመከራል። የመውለጃው ተቋም፣ አጃቢዋ፣ መጓጓዣው፣ ደም ቢያስፈልግ የሚሰጥ ሰው፣ በቤት የሚቀሩ ልጆች ከማን ጋር እንደሚሆኑ፣ እናቲቱም በምጥ ጊዜ የምትመርጠውና የማትመርጠው ይጻፋል። ማንበብ የማትችል እናት ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ነግራ ታስጽፋለች። ዕቅዱ ከክትትል ካርዱ ጋር ተቀምጦ በመጨረሻዎቹ የክትትል ቀናት ለባለሙያዋ ይታያል፤ ሊሟላ የማይችል ነገር ካለ በዚያን ጊዜ መነገሩ በምጥ ሰዓት ከመነገሩ ይሻላል።

ከብልት ደም መፍሰስ፣ ብርቱ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ መንቀጥቀጥ፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ የሽርት ውሃ ያለ ምጥ መፍሰስ፣ የሕፃኑ እንቅስቃሴ መቀነስ ወይም መጥፋት ከታየ የስልጠናን ቀን ወይም የቀጠሮን ቀን ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። በየወረዳው የተመደበውን አምቡላንስ ስልክ ከጤና ኬላው ወይም ከጤና ጣቢያው አስቀድሞ መያዝ ይገባል፤ በኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ አገልግሎት ባለበት አካባቢ 907 መደወል ይቻላል።

በመንግሥት ጤና ጣቢያ ለክትትል፣ ለማዋለድ ወይም ከእነርሱ ጋር ለሚሰጥ ትምህርት ክፍያ የተጠየቀች፣ ክብሯን በሚነካ ሁኔታ የተስተናገደች ወይም ፈቃድ በሌለው ሰው በሚሰጥ የወሊድ ስልጠና ጉዳት የደረሰባት ተገልጋይ አቤቱታዋን ለተቋሙ ኃላፊ፣ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ወይም ለክልሉ ጤና ቢሮ በቃል ወይም በጽሑፍ ማቅረብ ትችላለች። ለአቤቱታው የክትትል ካርዱ፣ ደረሰኝ ካለም ቅጂው፣ ድርጊቱ የተፈጸመበት ቀንና ሰዓት ይጠየቃሉ።